ተነፈሰ

ከባቲ ስመለስ፣ ገርባ ላይ፣ የቪትዟ ኤሲ ለገመ፤
መጀመሪያ ለብ አለ፣ ከዚያ ሞቀ፣ ከዚያ ጭራሹን ታመመ።
ከኋላ ሦስት ነጋዴ፣ ከፊት አንዲት ነፍሰ ጡር፤
መስኮት ሲከፈት አቧራ፣ ሲዘጋ ላብ እንደ ባሕር።
«ብቻ ኮምቦልቻ አድርሰኝ» አለችኝ ጥርሷን ነክሳ፤
ሌላ ቃል አልወጣትም፣ ያን ሁሉ ሙቀት ለብሳ።

ጋራዥ ብሄድ፣ ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ በዓይኑ ለካ፤
«አሥራ አራት ሺህ» አለኝ፣ አንድም ብሎን ሳይነካ።
ዝም ብዬ ዘጋሁና ወደ ቤት ነዳኋት፤
ጨርቃ ጨርቅ ሠፈር፣ ከአባቴ ግቢ አቆምኳት።

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ከመሸመኛው ሥር ቆሞ
ጆሮውን ፋብሪካው ውስጥ ትቶ ነው ጡረታ የወጣው፣ ደክሞ።
ስናወራ እንጮኻለን፤ ጎረቤት ጠብ ይመስለዋል፤
እሱ ግን ፈገግ ብሎ ከንፈራችንን ያነባል።

እሑድ ረፋድ አያ ሙሄ ፍሪጅ ሠሪው በባጃጅ መጣ፤
ከሞተ ፍሪጅ የፈታውን ኮምፕሬሰር ተሸክሞ ወጣ።
ሁለት ዓይን ያለው ጌጅ፣ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ቀይ፤
«ጋዙን ይዣለሁ፤ ሳሙና ግን ከናንተ ነው፤ የለም ወይ?»
እናቴ የልብስ ሳሙና በጆግ በጥብጣ አመጣች፤
«መኪናም ከውስጥ ትታጠባለች እንዴ?» ብላ ሣቀች።

ትንሽ ጋዝ ሰጠናት። አረፋውን በብሩሽ እየቀባን
ከኮምፕሬሰሩ ጀምረን ቱቦ ለቱቦ ገባን።
ምንም። አያ ሙሄ ጆሮውን አስጠጋ፤ እኔም አስጠጋሁ፤
ከመንገዱ ከሲኖትራክ ጩኸት በቀር አልሰማሁ።

ያን ጊዜ አባቴ ከበርጩማው ተነሣ። ጣቱን በምራቁ አራሰ፤
እንደ ድሮው፣ የተበጠሰ ክር እንደሚፈልግ፣ ቱቦውን ዳሰሰ።
ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ ከኮንደንሰሩ አንገት ሲደርስ
ቆመ። «እዚህ ጋ ይበርዳል፤ እዚህ ጋ ነው የሚተነፍስ።»

አረፋ ቀባንበት። እንደ እንቁራሪት ዓይን ጉልህ ሆና
አንዲት ጠብታ ተነፋች፣ ፈነዳች፣ ተነፋች እንደገና።

ጎማ «ተነፈሰ» ከተባለ መንገዱ እዚያው ያበቃል፤
ሕመምተኛ «ተነፈሰ» ከተባለ ግን ቤቱ እፎይ ይላል።
ይህ አሁን ነው የመጣልኝ። ያኔማ
የዐሥር ቁጥር ቁልፍ ጠፍቶኝ ግቢውን ሳምስ ነበር።

የላስቲኳ ቀለበት ደርቃ፣ ተሰንጥቃ ወጣች፤
ከሕፃን ልጅ ጣት አታልፍም። ሃምሳ ብር ታወጣለች።
አዲሷን ዘይት አስነክተን ከቦታዋ አስገባናት፤
«በቃ፣ ጥርሱን ትበላዋለህ!» እስኪለኝ አጠበቅኳት።
የፍሪጁ ሞተር አርባ ደቂቃ አየሩን መጠጠ፤
አባቴ መዳፉን ጭኖበት፣ ንዝረቱን እያዳመጠ።

ጋዝ ሞላን። ሞተር አስነሣሁ። ክላቹ ቀጭ አለ፤
የዳሽቦርዱ ነፋስ ፊቴን ነካኝ፤ ሐረጎን መሰለ።

«እንሞክረው» አለ አባቴ። ሐረጎን ሽቅብ ወጣን፤
መስኮት ዘግተን፣ ኤሲ ከፍተን፣ እንደ ሹመኛ ኮራን።
ግማሹ ላይ ጉም ተቀበለን። ደሴ ስንገባ ጦሳ ጠፍቶ፣
ፒያሳ ሰዉ ጃኬት ላይ ፎጣ ደርቦ፣ አንገቱን አስገብቶ።
አባቴ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ፤
«ዝጋው! እዚህማ በነፃ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ በሣቅ ሞተ።

ሰኞ ማለዳ፣ አያ ሙሄ የረሳውን ጌጅ ሰካሁ።
መርፌዋ ከትናንቱ በፀጉር ስፋት ወርዳ አየሁ።
የንጋት ብርድ ይሆናል፤ አየር ሲቀዘቅዝ ይወርዳል ብሎኛል።
ወይም ሌላ ቦታ አለ፣ ጣት ያልደረሰበት።

አባቴ በመስኮት ከንፈሬን ይጠብቃል።
«ልክ ነው» አልኩት፣ ድምፅ ሳላወጣ።
ጌጁን ስፈታው ጫፉ «ጢስ» ብሎ ተነፈሰ።
ኮፈኑን ዘጋሁ። የባቲ ገበያተኞች
መንገድ ዳር ቆመዋል።